ለመተማ የሚሆን የሌዘር መቁረጫ ስንመርጥ

ጎንደር ላይ ሁለት ዓመት ያለ እንከን የሠራ የሌዘር መቁረጫ ወደ መተማ ቢወርድ የመጀመሪያውን መጋቢት ላይሻገር ይችላል። ማሽኑ ያው ነው፤ የተለወጠው አየሩ ነው። ስለ ማሽን አመራረጥ የሚጻፉ መመሪያዎች ግን ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ከዋትና ከዋጋ ነው። ይህ አካሄድ ለእኛ ቆላ የማይበጅ መሆኑን ለማስረዳት በዐይኔ ካየሁት ልጀምር።

ባለፈው በጋ በምዕራብ ጎንደር ቆላ አንድ የጋራ ወርክሾፕ ጎብኝቼ ነበር። መምህራን የትምህርት መርጃ መሣሪያ ይሠሩበታል፤ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች የማስታወቂያ ሰሌዳ ይቀርጹበታል፤ የሰሊጥ ነጋዴዎች ደግሞ በጆንያ ላይ ምልክት የሚቀቡበትን ቅርጽ ያስቆርጡበታል። የሌዘር መቁረጫው ጥግ ይዞ አንሶላ ለብሶ ተቀምጧል። «ምን ነካው?» ብዬ ብጠይቅ ኃላፊው «ቱቦው ፈነዳ፤ በረዶ ሁሉ አድርገንለት ነበር እኮ!» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ 40 ዋቱ ማሽን የመጣው ከአንዲት ትንሽ የውሃ ፓምፕ ጋር ነበር። ፓምፗን ባልዲ ውስጥ ነክረው ውሃው በቱቦው ዙሪያ ዞሮ ተመልሶ ባልዲው ውስጥ እንዲወርድ አደረጉ። በታኅሣሥና በጥር ደህና ሠራ። የካቲት ሲጋመስ ግን ማሽኑ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ አልቆርጥ ማለት ጀመረ። ስለዚህ በየጠዋቱ ከጎረቤት ካፌ በፕላስቲክ ጠርሙስ የረጋ በረዶ እየገዙ ባልዲው ውስጥ ይጨምሩ ጀመር። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ሥራ ተከምሮባቸው ስለነበር፣ በረዶውን ሰባብረው ባልዲው ውስጥ ገለበጡት። ቀዝቃዛው ውሃ የጋለውን መስታወት ሲነካው ቱቦው ቋ ብሎ ተሰነጠቀ። ውሃውም ወርዶ ፓወር ሰፕላዩን አቃጠለው።

ሰዎቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ደክመዋል። እኔን ያሳሰበኝ የተሰበረው ቱቦ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ የነበረው የግዥ መጠየቂያ ነው። የተጻፈው «የሌዘር መቁረጫ ማሽን፣ ብዛት 1፣ ከነሙሉ ዕቃው» የሚል ብቻ ነበር። ከዚህ በኋላ ምን እንደሚከተል የታወቀ ነው፤ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ዝቅተኛው ያሸንፋል። ዝቅተኛው ደግሞ ያው ከነባልዲው የሚመጣው ነው።

ሠልጣኞች ሆይ፣ ይህ ጉዳይ እናንተን አይመለከትም አትበሉ። ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ ነገ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ምዕራብ አርማጭሆ ትመደባላችሁ። ገና ሻንጣችሁን ሳታራግፉ «መምህር ያውቃል» ተብሎ የግዥ ኮሚቴ ውስጥ መግባታችሁ አይቀርም። የጋራ መሥሪያ ቦታም ለመምህር አዲስ ነገር አይደለም። በደርግ ዘመን በየአውራጃው የተቋቋሙት የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላት በእጅ መጋዝ፣ በመዶሻና በቀለም ከአካባቢው በሚገኝ እንጨትና ካርቶን የትምህርት መርጃ ያዘጋጁ ነበር። ሌዘሩ የዚያ መጋዝ ተተኪ ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ፤ መጋዝ ሙቀት አይፈራም።

በእርግጥ ሞቷል ወይ?

አዲስ ከመግዛታችን በፊት አሮጌው መሞቱን ማረጋገጥ ይገባናል። ብዙ «የሞቱ» ማሽኖች የቆሸሹ ማሽኖች ናቸው።

ብርሃኑ ከቱቦው ወጥቶ በሦስት መስታወቶች እየተንጸባረቀ ወደ ሌንሱ ይደርሳል፤ ሌንሱም አንድ ነጥብ ላይ ይሰበስበዋል። በእያንዳንዱ መስታወት ላይ የጭስ ጥቀርሻ ወይም የቆላ አቧራ ከተቀመጠ ብርሃኑ በየደረጃው እየተበላ ይመጣል፤ መስታወቱም ይግላል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ማሽኑን አጥፍቶ፣ በንጹሕ አልኮል በራሰ ጥጥ መስታወቶቹንና ሌንሱን ቀስ ብሎ መጥረግ፣ ሲደርቅም መሞከር የመጀመሪያው ሥራ ነው። ሌንሱ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ዚንክ ሴሌናይድ ከሚባል ነገር ሲሆን ከተሰበረ ስብርባሪው መርዛማ ነው፤ በባዶ እጅ አይነካም።

ቱቦው ጨርሶ ብርሃን ካልሰጠ ደግሞ የክዳኑንና የውሃውን መቆጣጠሪያ ማየት ነው። ደህና ማሽን ክዳኑ ከተከፈተ ወይም ውሃ መዞሩን ካቆመ ሌዘሩን አያበራም። አንዲት የላላች ሽቦ ማሽኑን የሞተ ታስመስለዋለች። ቱቦው ከዳር እስከ ዳር ሐምራዊ ብርሃን እየሰጠ፣ አምፔር መለኪያውም እንደ ወትሮው እያነበበ መቁረጥ ካቃተው ግን ጋዙ አርጅቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ፓወር ሰፕላዩ ለቱቦው የሚሰጠው 20,000 ቮልት ገደማ ነው፤ ከተነቀለ በኋላም ለጊዜው በውስጡ ኃይል ያስቀራል። ይህን ሣጥን «እስቲ ልየው» ብሎ መክፈት የመምህር ሥራ አይደለም።

ያረጀው ቱቦው ብቻ ከሆነ ቱቦውን መለወጥ ከአዲስ ማሽን እጅግ ይረክሳል። በጎበኘሁት ወርክሾፕ ግን ቱቦውም ፓወር ሰፕላዩም ሄደዋል፤ የማሽኑ ገበታ ደግሞ 30 በ20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለነበር አንድ የክፍል ካርታ እንኳ አይቆርጥም። መተካቱ ተገቢ ነበር።

ባልዲው፣ በረዶውና ስሌቱ

ሌዘር እ.ኤ.አ. በ1960 ቴዎዶር ሜይማን በተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሠራ። ዛሬ እንጨትና አክሪሊክ የሚቆርጠውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 የሠራው የሕንድ ተወላጁ ኩማር ፓቴል ነው። በቱቦው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ናይትሮጅንና ሂሊየም ተደባልቀው ይገኛሉ። ኤሌክትሪኩ ናይትሮጅኑን ያነቃዋል፤ ናይትሮጅኑ ጉልበቱን ለካርቦን ዳይኦክሳይዱ ያቀብለዋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ከላይኛው የጉልበት ደረጃ ወደ ታችኛው ሲወርድ ዐይን የማያየውን ብርሃን ይለቃል። የወረደው ሞለኪውል ግን ከታችኛው ደረጃ ቶሎ መነሣት አለበት። እዚህ ላይ ሂሊየሙ ይደርሳል፤ ሙቀቱን ተቀብሎ ወደ ቱቦው ግድግዳ ይወስደዋል፣ ግድግዳውን ደግሞ ውሃው ያቀዘቅዘዋል።

ወፍጮ ቤትን አስቡ። ከታች ዱቄቱ ካልተነሣ ከላይ እህል ቢጨመር ዋጋ የለውም፤ ወፍጮው ይታፈናል። ውሃው ሲሞቅ ቱቦው የሚሆነው እንዲሁ ነው። ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ብርሃን ግን አይሰጥም። ከዚያም ሠራተኛው «ደከመ» ብሎ አምፔሩን ይጨምራል፤ ይህ ደግሞ ሞቱን ማፋጠን ነው። የቱቦ አምራቾች ውሃው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል እንዲሆን የሚያዝዙት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ባልዲው እንመለስ። እንዲህ ዓይነት ቱቦ ከሚበላው ኤሌክትሪክ ውስጥ ብርሃን ሆኖ የሚወጣው ከመቶ 10 ገደማ ነው። 40 ዋት ብርሃን ለመስጠት 400 ዋት ይበላል ብንል 360 ዋቱ ሙቀት ሆኖ ውሃው ውስጥ ይገባል። በአንድ ሰዓት ውስጥ 360 ሲባዛ በ3,600 ሴኮንድ፣ 1,296,000 ጁል ይሆናል። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4,186 ጁል ስለሚያስፈልግ፣ 20 ሊትር የያዘ ባልዲ በአንድ ሰዓት ተከታታይ ሥራ 15 ዲግሪ ተኩል ይሞቃል። ባልዲው ወደ አየር የሚለቀውን ለጊዜው እንተወው፤ አየሩ ራሱ 40 ዲግሪ በሆነበት አገር ብዙ አይለቅም። ጠዋት 30 ዲግሪ የነበረ ውሃ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ 45 ይጠጋል ማለት ነው።

በረዶውስ? አንድ ኪሎ ግራም በረዶ ለመቅለጥ 334,000 ጁል ይወስዳል። አንድ ተኩል ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ በረዶ እንግዲህ 501,000 ጁል ይሸከማል። ይህን ለ360 ስናካፍለው 1,392 ሴኮንድ፣ ማለትም 23 ደቂቃ ይመጣል። አንድ ጠርሙስ በረዶ ሰው ሻይ ጠጥቶ እስኪመለስ ድረስ ብቻ ይዋጋል። ቀኑን ሙሉ ለመሥራት ካፌው በረዶ ቤት መሆን ነበረበት። ይህን ስሌት ለ8ኛ ክፍል ተማሪ ብትሰጡት ይሠራዋል፤ ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት ግን የሠራው አልነበረም።

በገበያ ላይ «ማቀዝቀዣ» እየተባሉ የሚሸጡ ሁለት በጣም የተለያዩ ዕቃዎች አሉ፤ ቀለማቸውና ቁመናቸው ተመሳሳይ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንደኛው በውስጡ ያለው ራዲያተርና ማራገቢያ ብቻ ነው። ሲደብልዩ-3000 የሚባለው ከዚህ ወገን ነው። ራዲያተር ውሃን ከአካባቢው አየር በታች ሊያቀዘቅዝ አይችልም፤ የተፈጥሮ ሕግ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማ የቀን ሙቀት 40 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው። እንግዲህ ይህ ዕቃ በጎንደር ደጋ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ በወጉ ያገለግላል፤ ከ1,000 ሜትር በታች ባለው በመተማ ግን ያጌጠ ባልዲ ነው። ሁለተኛው እንደ ፍሪጅ ኮምፕሬሰርና የማቀዝቀዣ ጋዝ ያለው ነው፤ ሲደብልዩ-5000 እና 5200 በዚህ ወገን ይመደባሉ። ውሃውን ከአየሩ በታች የሚያወርደው ይህ ብቻ ነው።

ኮምፕሬሰር ያለውም ቢሆን በልክ መመረጥ አለበት። ለ80 ዋት ቱቦ የሚወጣው ሙቀት በቀደመው ስሌት 720 ዋት ነው። የ5000ው አቅም 750 ዋት ገደማ ስለሆነ በወረቀት ላይ ይበቃል። ይሁንና ይህ አቅም የተለካው በለዘበ አየር ነው፤ አየሩ ሲግል የማንኛውም ፍሪጅ ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ ወደ 1,400 ዋት አቅም ያለውን 5200 መውሰድ ይሻላል። በሣጥኑ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ማሽኑ የሚሠራበት ከፍተኛ የአየር ሙቀት ተመልክቷል፤ ይህን ሳያነብቡ መግዛት ጫማን ሳይለኩ እንደ መግዛት ነው።

አንዳንዱ «ክፍሉን በኤር ኮንዲሽነር እናቀዝቅዘውና ባልዲው ይበቃል» ይላል። አያዋጣም። የሌዘሩ ጭስ በማራገቢያ ወደ ውጭ መጣል አለበት፤ ማራገቢያው በሰዓት 600 ሜትር ኩብ አየር ቢስብ፣ 5 በ6 በ3 ሜትር የሆነ ክፍል አየሩ በየ9 ደቂቃው ተጠራርጎ ይወጣል፤ በምትኩ የሚገባው የውጭው 42 ዲግሪ አየር ነው። ማቀዝቀዣውንም ክፍሉ ውስጥ ዘግተን ብናስቀምጠው ከውሃው ያወጣውን ሙቀት መልሶ ክፍሉ ውስጥ ይተፋዋል። ጥላ ያለበት በረንዳ ላይ በሽቦ አጥር አስቀምጦ ሁለቱን የውሃ ጎማዎች በግድግዳው አሳልፎ ማስገባት ይቻላል። ጎማው ግን ፀሐይ እንዳያገኘው ይጠቅለል።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ቀዝቃዛ የለስላሳ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ያልበዋል አይደል? ቱቦውም ያልበዋል። በሐምሌ አየሩ 28 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ ከመቶ 80 ቢደርስ፣ ከ24 ዲግሪ በታች የሆነ ነገር ሁሉ ጤዛ ይይዛል። ውሃውን በ18 ዲግሪ ያስቀመጠ ሰው ቱቦውን በጤዛ ያለብሰዋል፤ 20,000 ቮልት በእርጥብ መስታወት ላይ ዘሎ ወደ ማሽኑ አካል ይገባል። በመጋቢት ግን አየሩ 42 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ ከመቶ 15 ቢሆን ጤዛ የሚጀምረው በ10 ዲግሪ ነው፤ ውሃውን በ20 ብናስቀምጥ ምንም አይሆንም። ስለዚህ በበጋ 20፣ በክረምት 25 ብሎ በማቀዝቀዣው ላይ በቀለም መጻፍ ነው። ሙቀቱን በቁጥር ማስተካከል የማይቻልበት ማቀዝቀዣ ለቆላ አይሆንም።

ውሃው የተጣራ መሆን አለበት። የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ስላለው በቱቦው ውስጥ ይጋገራል፤ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሆናል። ነገር ግን ባለ ሱቁ በዚያው መደርደሪያ የባትሪ አሲድም ስለሚሸጥ ጽሑፉን አንብቡ።

ስንት ዋት? ምን ያህል ገበታ?

ዋት የሚመጣው አሁን ነው። ሻጮች በቱቦ ላይ የሚለጥፉት ቁጥር ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም፤ ርዝመቱ ግን አይዋሽም። ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የመስታወት ቱቦ የ40 ዋት ቱቦ ነው፤ ምንም ቢጻፍበት። ባለ 60 ዋቱ ወደ 1 ሜትር ከ20 ይረዝማል። ሜትር ይዞ መሄድ ነው።

የትምህርት መርጃ የሚሠራው በአብዛኛው ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ኮምፔንሳቶ፣ ከካርቶንና ከአክሪሊክ ነው። የፊደል ገበታ፣ የክፍልፋይ ክቦች፣ ተገጣጥሞ የሚሠራ የኢትዮጵያ ካርታ፣ ፕሮትራክተር፣ የጆንያ ምልክት፣ የልብስ ስፌት ልክ፣ እነዚህን ሁሉ ከ60 እስከ 80 ዋት ያለው ይበቃቸዋል። ባለ 80 ዋቱን የምመርጠው ኃይሉን ሁሉ ለመጠቀም አይደለም፤ ከአቅሙ ሁለት ሦስተኛ ላይ እየሠራ ዕድሜው እንዲረዝም ነው። ብረት ይቆርጣል ወይ የሚሉ አንጥረኞች ይመጣሉ። አይቆርጥም፤ የብረቱ ሌዘር ሌላ ዓይነት ነው፣ ዋጋውም ሌላ ነው። ይህን አስቀድሞ መናገር ቅሬታ ያድናል።

በገበታው ስፋት ላይ ኮሚቴዎች ብዙ ይከራከራሉ። አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ነው። በወርዱ ለሁለት፣ በቁመቱ ለስድስት ብንከፍለው እያንዳንዱ 61 በ40 ተኩል ገደማ የሆነ 12 ቁራጭ ያለ ብክነት ይወጣዋል፤ ጠርዙ በጥቂቱ ከተላገ 60 በ40 ገበታ ላይ ልክ ይገባል። ለ90 በ60 ገበታ ግን አራት ቁራጭ ወጥቶ 64 በ122 የሆነ ትርፍ ይተርፋል። በእንጨት ቁጠባ ትንሹ ያሸንፋል። እኔ ግን ትልቁን እመርጣለሁ። በትንሹ ማሽን ውስጥ ረዥሙ ቱቦ ስለማይገባ ጫፉ በቆርቆሮ ሣጥን ተሸፍኖ ወደ ጎን ይወጣል፤ ሕፃናትና መጥረጊያ በሚመላለሱበት ክፍል ያ ጫፍ ብዙ አይቆይም። በትልቁ ግን ቱቦው ከነሙሉ ርዝመቱ ውስጥ ይቀመጣል። ታዲያ የወርክሾፑን በር ለኩ! ሰፊው ማሽን ከአንድ ሜትር በላይ ስለሆነ በ80 ሳንቲ ሜትር በር አይገባም።

የመስታወት ቱቦ ዕድሜ በደህና አያያዝ ከ1,000 እስከ 3,000 ሰዓት ይገመታል። 2,000 ብንል፣ በቀን 4 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን የሚሠራ ወርክሾፕ በ100 ሳምንት፣ ማለትም በሁለት ዓመት ይጨርሰዋል። ስለዚህ የመለዋወጫ ቱቦ የዓመት በጀት ውስጥ መግባት ያለበት ነገር ነው። ግን ሦስት አራት ገዝቶ ማከማቸትም ስሕተት ነው፤ ጋዙ ተቀምጦም ያረጃል። አንድ ይበቃል፣ የተመረተበት ቀን ታይቶ።

ስለ ሌሎቹ ዓይነቶች በአጭሩ ልበል። ባለ ብረት ቱቦው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ዕድሜው ረዥም ነው፤ አይሰበርም፣ ጋዙም እንደገና ይሞላል። ግን እጅግ ውድ ነው። ብዙዎቹም በአየር ብቻ የሚቀዘቅዙ ስለሆኑ በቆላ አየር ይታፈናሉ። ሰማያዊ ብርሃን ያለው ዳዮድ ሌዘር ደግሞ ርካሽ ነው፤ ውሃ አይፈልግም፣ በሞተር ሳይክል ይጫናል። ብዙ ወጣቶች ይህን ይገዛል ብለው ይሟገቱኛል፤ ለአንድ ሰው የግል ሥራ እኔም አልቃወምም። ነገር ግን ብርሃን አሳላፊ አክሪሊክን አይቆርጥም፤ ብርሃኑ ሰንጥቆት ያልፋልና። በወፍራም ኮምፔንሳቶም ይዘገያል። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ዐይን ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ብርሃን ርዝመቱ 10.6 ማይክሮ ሜትር ስለሆነ ተራ አክሪሊክ ክዳን ያቆመዋል። የዳዮዱ ግን 0.45 ማይክሮ ሜትር ነው፤ በተራ መስታወት አልፎ፣ በዐይን ሌንስ ተሰብስቦ ብሌኑን ዘልቆ ከዐይን ጀርባ ያቃጥላል። ክዳን የሌለው ዳዮድ ሕፃናት በሚጎርፉበት የጋራ ወርክሾፕ መቀመጥ የለበትም።

መብራቱ፣ አፈሩ፣ ጭሱ

ቱቦው 800 ዋት፣ ማቀዝቀዣው 700 ገደማ፣ የጭስ ማራገቢያው 500፣ የአየር ፓምፑ፣ ሞተሮቹና ኮምፒዩተሩ ተደምረው ሁለት ኪሎ ዋት ተኩል ይጠጋል። ወደ ሱዳን የሚሻገረው ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር በአካባቢያችን ቢያልፍም፣ ለወርክሾፑ ወሳኙ ከሰፈሩ ትራንስፎርመር እስከ ግድግዳው ያለችው ቀጭን ገመድ ናት። ማታ ማታ አምፖል የሚደበዝዝበት ቤት ከሆነ ባለ 5 ኪሎ ቮልት አምፔር ስታቢላይዘር ከማሽኑ ጋር አብሮ መጠየቅ አለበት። ኮምፕሬሰር ሲነሣ ብዙ ስለሚስብ ጄኔሬተሩም ከዚህ አያንስ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፕሬሰሩን ወዲያው ማስነሣት ያቃጥለዋል፤ አምስት ደቂቃ መታገሥ ነው። መብራት ሲሄድ የቆረጠበትን ቦታ አስታውሶ የሚቀጥል መቆጣጠሪያ ያለውን መምረጥም ብዙ ኮምፔንሳቶ ያድናል።

ኤሌክትሪሻኖች ኧርዝ የሚሉት የመሬት ሽቦ በመተማ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ዋልካ አፈር በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያበጃል፤ የተቀበረው ብረት ከአፈሩ ይለያያል፤ እንዲህ ሲሆን ሽቦው አለ ይባላል እንጂ የለም። ከሰልና ጨው ጨምሮ መቅበር፣ በበጋም ውሃ ማጠጣት ያስፈልጋል። አንዳንድ ሰው ሲስቅብኝ አይቻለሁ፤ ሽቦ ውሃ ይጠጣል ወይ እያለ። ይስቅ።

ጭሱ ከሁሉ የከፋው ፒቪሲ ሲቆረጥ ነው። ፒቪሲ ክሎሪን አለው፤ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ከእርጥበት ጋር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሆኖ ሳንባንም የማሽኑንም ብረት ይበላል። ማስታወቂያ የሚታተምበት ባነርና ብዙው ሰው ሠራሽ ቆዳ ፒቪሲ ነው፤ ደንበኛው ግን «ፕላስቲክ ነው» ብቻ ይላችኋል። መለያው ቀላል ነው። ከቤት ውጭ የመዳብ ሽቦ በእሳት አግላችሁ ፕላስቲኩን ንኩበት፣ መልሳችሁ እሳቱ ውስጥ አስገቡት፤ ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበትና አይቆረጥም። የኬሚስትሪ መምህራን ይህን ለክፍል ማሳያም ልታደርጉት ትችላላችሁ። እሳትን በሚመለከት፣ ማሽኑ እየቆረጠ ሰው ትቶት አይወጣም፤ ለቡናም ቢሆን።

መጠየቂያው ላይ ምን ይጻፍ?

ኮሚቴው ዝቅተኛውን ዋጋ መምረጡ ጥፋት አይደለም፤ ደንቡ ነው። ጥፋቱ ያለው ዝቅተኛ ዋጋ ከምን በታች መውረድ እንደሌለበት አለመጻፉ ላይ ነው። ስለዚህ ለዚያ ወርክሾፕ ኃላፊ ያረቀቅሁላቸው ይህን ይመስላል፦ «የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር መቁረጫ፣ የመስታወት ቱቦው 80 ዋት፣ ገበታው 90 በ60 ሳንቲ ሜትር፣ ክዳኑ ሲከፈትና ውሃ ሲቋረጥ ሌዘሩን የሚያጠፋ፤ ኮምፕሬሰር ካለው፣ አቅሙ ከ1,400 ዋት ከማያንስና ሙቀቱ በቁጥር ከሚስተካከል የውሃ ማቀዝቀዣ ጋር። ራዲያተርና ማራገቢያ ብቻ ያለው ማቀዝቀዣ ተቀባይነት የለውም። አንድ ትርፍ ቱቦ፣ አንድ ትርፍ ፓወር ሰፕላይ፣ ሁለት ሌንስና አንድ ሙሉ የመስታወት ስብስብ አብሮ ይቀርባል። ማሽኑ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ይሁን።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ለብዙዎች ትርፍ መስላ ነበር። አንዳንድ ማሽኖች ሥዕሉን በኢንተርኔት ወደ ውጭ አገር ልከው ካልተመለሰላቸው አንድ መስመር አይቆርጡም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሳይመለስ መቆየቱን ያስታወሰ ሰው ግን ትርፍ አይላትም። መለዋወጫውን አብሮ መግዛትም ለዚሁ ነው፤ መንገድ ሲዘጋ ሌንስ ከአዲስ አበባ አይመጣም። በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የፕሮፎርማ ዋጋ ፀንቶ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነው። ዛሬ ያልተገዛ ሌንስ በሚቀጥለው ዓመት በምን ዋጋ እንደሚገኝ አይታወቅም።

ኃላፊው ረቂቁን ካነበቡ በኋላ «ይህ ሁሉ ሲጨመር ከበጀታችን ያልፋል» አሉኝ። ያልፋል። አብረን ቁጭ ብለን ቀነስን። ገበታውን ወደ 60 በ40፣ ቱቦውን ወደ 60 ዋት አወረድነው፤ የምሰጋበትን የጎን ሣጥን በጠንካራ ብረት ለመሸፈን ተስማማን። ስታቢላይዘሩን ለሚቀጥለው በጀት አስተላለፍነው፤ እስከዚያው ማታ ላለመሥራት ወሰኑ። ማቀዝቀዣው ላይ ግን አንድ ቃል እንዲነካ አልፈቀድኩም።

አንድ ነገር ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ጨመሩበት፤ ከእኔ የተሻለ ሐሳብ ነበር። ሻጮች ማሽኑን የሚያስረክቡት ጠዋት በ3 ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ምኑም ይሠራል። እሳቸው እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ርክክቡ የሚፈጸመው ከቀኑ 8 ሰዓት ይሆናል። ማሽኑ የወርክሾፑን ኮምፔንሳቶ ለአንድ ሰዓት ያለማቋረጥ ከቆረጠ በኋላ የማቀዝቀዣው ውሃ ከ25 ዲግሪ ሳያልፍ ከተገኘ ይፈረማል።»